ሦስት መቶ ስልሳ

ከንጋቱ አሥራ አንድ፣ ብሩክስ ላይ፣ በጥር፣
መኪናዬ ደርቆ እንደ ግንድ ሲገተር፣
ቁልፉን ባዞርለት አንዴ "ጠቅ" አለና
ተመልሶ ተኛ ብርዱን ለበሰና።
ቁጣ ላወጣ ነው አፌን የከፈትኩት፤
ልማድ ቀደመና "ሱብሃነላህ" አልኩት።

ጎረቤቴ ኦረስት፣ ሰማንያ ያለፈው፣
በፒጃማው ላይ ካፖርት የደረበው፣
ሽቦውን ጎትቶ ከጋራዡ ወጣ፤
ቀዩን ከቀይ ጋራ ሲያገናኝ፣ ሲቆጣ፦
"ባትሪ ቀይሪ ብዬሽ አልነበረም አምና?"
ሃያ ዶላር ብሰጥ እጄን ገፋውና
ገባ፤ ሳይለኝ እንኳ ዋዪ በደኅና።

ከእኔ አፍ የለቀማት አንዲት ቃል አለች፤
"እንዴት ነሽ?" ሲል ሁሌ የምመልስለት ነች።
"አልሐምዱሊላህ"፤ ለሱ ግን ሰላምታ፣
ጠዋት ይላታል፣ ይደግማታል ማታ፤
"ሐምዱላ?" እያለ፣ በጥያቄ ዜማ።
አላረምኩትም፤ ደስ ይለኛል ስሰማ።

ዓርብ ዕለት፣ ምድር ቤት፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን፣
ለማሞቂያው ጥገና ሣጥኑ ሲደርሰን፣
በኪሴ አምስት ዶላር፣ እሷም ለነዳጅ ናት፤
የቀረው ለእህቴ፣ ለዓይኗ መድኃኒት።
ሣጥኑን አሳለፍኩት፣ እንደሚፋጅ ፍም፤
ቀና ብዬ ማንንም ለማየት አልቻልኩም።

ሸህ አብሹር ያን ዕለት ያወሩት ስለ ድሆች፦
"ነቢያችን ዘንድ መጡ፣ እጅ ያጠራቸው ሰዎች፤
'ባለጠጎች እንደኛው ሰገዱ፣ ጾሙ፤
በተረፋቸው ገንዘብ በአጅር ቀደሙ።'
እናንተስ ምን አጣችሁ? ሱብሃነላህ ሰደቃ ነው፣
አልሐምዱሊላህ ሰደቃ ነው፣
እሾህ ከመንገድ ማንሣት ሰደቃ ነው።
የአደም ልጅ በገላው ሦስት መቶ ስልሳ አንጓ ይዟል፤
ፀሐይ በወጣች ቁጥር እያንዳንዱ ይጠየቃል።"

ቀለለኝ። ወዲያውም ቅለቴ አሳፈረኝ፤
ቃል ይህን ያህል ርካሽ ነው ወይ? የሚል ነገር ጫረኝ።

ሰኞ ግን ሥራ አለ። ሰንሰለቱ ይሄዳል፣
ጎን ይመጣል፣ ታፋ ይመጣል፣
የከብቱን አንጓ ስፈታ የእኔው ይቆለፋል፤
የቀለበት ጣቴ እንደታጠፈ ያድራል፣
ሲነጋ በሙቅ ውኃ ይለመናል።

ዚክሬን በጣቶቼ አንጓ ነው የምቆጥረው፤
ሠላሳ ሦስቱ፣ ያ ጣት ሲዘለል፣ ሠላሳ ሁለት ነው።
አንዲት ሁሌ ትጎድላለች፤
አንዲት፣ ዕዳ ሆና፣ እዚያው ጣቴ ላይ ታድራለች።

ማሪቪክ ናት ጎኔ፣ ከፊሊፒንስ የመጣች፣
መስቀሏን ሎከር ውስጥ ቆልፋ የገባች።
ጫጫታው ስለማይችል አንድም ሰው በቃል፣
ቢላዬ ሲደነዝዝ ዓይኗ ብቻ ያውቃል።
ቀስ ብላ ትወስደውና የራሷን ትሰጠኛለች፤
እስከ ዕረፍት ድረስ በኔ ዱልዱም ትታገላለች።
"አላህ ይስጥልኝ" ብል ማን ይሰማል?
ከንፈሬ ብቻ ይነቃነቃል።
ያቺን የምትጎድለኝን አንዲት
ያን ቀን ማን እንደቆጠራት አላህ ያውቃል።

ሐሙስ ቺኑክ ነፈሰ። በረዶው ቀልጦ፣ ሌሊቱን ደርቆ፣
የኦረስት ደረጃ አደረ እንደ መስታወት አብረቅርቆ።
ሳይነሣ ቀደምኩት፣ ጨው በእፍኜ ዘግኜ፣
አልዘረጋ ያለውን ጣቴን ተማጽኜ፤
አንዱን ደረጃ፣ ሁለቱን፣ ሦስተኛውን አለፍኩት፤
እየቆጠርኩ ነበር የጀመርኩት፤ ረሳሁት።

መስኮቱ ተከፈተ። በፒጃማው እንዳለ፣
"ኧረ በዛ! ጨው እኮ በነጻ አይደለም!" አለ።
ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ድምፁን አለስልሶ፣
"ሐምዱላ?" አለኝ፣ መስኮቱን መልሶ።